አራጋው ያስላጨው ቮላኖ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሽማግሌዎች ሰው በሰው ሲቀና ካዩ ድንገት ስለ መኪና ያወራሉ። ቀናተኛው መኪና ባይኖረውም፣ በእግሩ የሚሄድ ቢሆንም ያው ነው። አባባሉን የማያውቅ እንግዳ ጨዋታው የጠፋባቸው ይመስለዋል። ነገሩን ያመጣው አራጋው የሚባል ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው፤ ሰውየውን አውቀው ነበርና እኔ እንደ ሌሎቹ እየሳቅሁ አላወራውም።

አራጋውና የሚስቱ ወንድም ደምሌ ሁለት መኪና በእጃቸው ሠርተው ነበር። ሞተሩን ከአንዱ አሮጌ መኪና፣ ካምቢዮውን ከሌላው እየለቃቀሙ፣ በአራጋው ግቢ ውስጥ በሦስት ዓመት ገጣጠሟቸው። የሞተሩ ሥራ የደምሌ ነው፤ የሁለቱንም አካል ከቆርቆሮ ቀጥቅጦ ያወጣው አራጋው ነው። መንታ ናቸው፤ የሚለያቸው ቀለም ብቻ ነበር፤ የደምሌ አረንጓዴ፣ የአራጋው ቀይ። የከተማው ሰው ግን ሁለቱንም «የደምሌ መኪኖች» ይላቸዋል። አራጋው ይህን በሰማ ቁጥር ምሳው አይወርድለትም። መዶሻው የማን ሆነና እያለ ሚስቱን ይጨቀጭቃታል፤ እሷም ወንድሟ ነውና ወሬውን ወደ ሌላ ትመልሰዋለች።

አንድ ክረምት አረንጓዴዋ ዳገት ላይ መጮህ እንጂ መሄድ እምቢ አለች። ደምሌ ሞተሩን አውርዶ ቢያይ ጥፋቱ ቮላኖው ነው። ቮላኖ ማለት ከሞተሩ ኋላ የሚዞረው፣ ፍሪሲዮኑ የሚይዘው ከባድ የብረት ክብ ነው። ፊቱ ተበልቶ እንደ ታረሰ መሬት ተሸንትሯል። ተሸክሞ ብረት በማሽን ወደሚላጭበት ቶርኖ ቤት ወሰደው፤ ባለሙያው አያ ይመር በስሱ ላጩና አስተካክለው ሰጡት። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሳትንገራገጭ ወጣችው።

ወሬው ከተማውን ያዳረሰው የአራጋው ልጅ የውድነሽ ሠርግ ሲቃረብ ነው። ሙሽራው የደሴ ልጅ ስለሆነ ሙሽሪት ሐረጎን መውጣት አለባት። በማን መኪና ትሂድ ሲባል ውድነሽ ብዙም ሳታስብ የአጎቴ ይሻላል፣ ዳገቱን ያወጣል አለች። አራጋው አልተቆጣም፤ እጁን ታጥቦ ከማዕድ ተነሳ። ልጅቷን ያሳደጋት እሱ ነው። በአገር ሰው ፊት ይዟት የሚወጣው ግን ደምሌ ሊሆን ነው። ቀና፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ሌሊቱን ሁሉ ሲገላበጥ አደረ።

በማግስቱ ምንም ያልሆነችውን የቀይዋን መኪና ሞተር አወረደና ቮላኖውን ፈቶ ቶርኖ ቤት ይዞ ሄደ። አያ ይመር በጣታቸው ዳሰሱት። አንድ ጭረት የለውም። ምን ሆነብህ ቢሉት መልሶ እሳቸውን ጠየቀ።

«ለደምሌ ስንት ላጩለት?»

«አንድ ሚሊ። ተበልቶበት ነዋ።»

«ለእኔ አምስት ያድርጉልኝ።»

አያ ይመር ሊስቁ ነበር፤ ፊቱን ሲያዩ ተዉት። ቮላኖ የሚላጨው ቁስሉ እስኪጠፋ ብቻ መሆኑን፣ ሥራውን የሚሠራው በክብደቱ እንደሆነ፣ ሞተሩ ትንፋሽ ሲያጥረው ገፍቶ የሚያሻግረው እሱ መሆኑን አስረዱት። አራጋው የሰማው ሌላ ነው፤ ለደምሌ የተፈቀደው ለእሱ ተከለከለ። እንዲህ እንዲሉኝ የነገረዎት ደምሌ ነው ወይ አላቸው። እሳቸውም ቱግ አሉና ማሽኑን አስነስተው አምስት ሚሊ ላጩለት። እዚህ ላይ አያ ይመርንም ነጻ አላወጣቸውም፤ ንዴታቸውን ውጠው ቮላኖውን ሳይላጩ ሊመልሱለት ይገባ ነበር።

ቀይዋ ተገጥማ ስትወጣ አራጋው የዓለም ንጉሥ ሆነ። ቮላኖው ስለቀለለ በሜዳው ነዳጅ ሲነኳት ትፈናጠራለች። በደምሌ በር ሦስት ጊዜ አለፈ። ውድነሽም የአባቷን ደስታ አይታ በእሱ መኪና እንደምትሄድ ነገረችው። በዚያ ሳምንት ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሰላምታ ይሰጥ ነበር።

የሠርጉ ቀን ቀይዋ ሙሽሪትንና ሚዜዎቿን ይዛ ከፊት፣ አረንጓዴዋ አያ ይመርን ጨምሮ ሽማግሌዎቹን ይዛ ከኋላ ወጡ። የሐረጎ አጋማሽ ላይ እህል የጫነ መኪና እየተጎተተ መንገዱን ያዘባቸው። አራጋው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ጠፋ። አስነሳው፤ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ መልሶ ጠፋ። በሦስተኛው ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዞ ሊጎትታት ሲታገል መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ሚዜዎቹ ዘለው ወርደው ጎማዋን በድንጋይ አስደገፉት። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ጭስ ከወለሉ ወጥቶ ውስጡን ሞላው፤ ውድነሽ ቬሎዋን ሰብስባ እያሳለች ወረደች።

ደምሌ መጣ። የሞተሩን አጠፋፍ ከኋላ ሆኖ ሰምቷል፤ ምን እንደተደረገ ገብቶታል። የአረንጓዴዋን ቁልፍ ዘረጋለት።

«ልጅህን አንተው አድርሳት። እኔ ከቀይዋ ጋር እቆያለሁ።»

ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ውድነሽ አጠገቡ ቆማ «አባዬ፣ ሰዓት ሄደ» ስትለው ነው የተቀበለው።

አረንጓዴዋ ሳትጮህ ዳገቱን ያዘች። ውድነሽ ከጎኑ፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። አራጋው ቀና ሲል ጣሪያው ላይ የራሱን የመዶሻ ምልክት አየ፤ እዚህም እዚያም፣ ያኔ ሲቸኩል የሳታቸውን ሳይቀር አወቃቸው። ለካ ውድነሽ በየትኛዋም ብትሄድ የምትሄደው አባቷ በሠራው ቤት ውስጥ ነበር። ይህ ሲገባው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ መንገዱን ለማየት በእጅጌው ጠረገው።

የደሴ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ ፊቱን ሳያዞር፣ እያወቁ ለምን ላጩብኝ ብሎ አያ ይመርን ጠየቃቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው እንዲህ አሉት፦ «እኔማ ማሽኑን ነው ያዞርኩት ልጄ፤ ቅናት የላጨው ቮላኖ ዳገት አያወጣም።»