አመድ ያልገባበት አርባ እርምጃ

አንድ ጓንጉል የሚባል ኩሩ ገበሬ ነበር። የሚኖረው ዋልካ መሬት ላይ ነው። ያ ጥቁር አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ፍየል ከነግልገሏ ትገባበታለች፤ በክረምት ሲርስ ደግሞ በሬ ከነቀንበሩ ይውጣል። ጫማ ዋጠ ቢሏችሁ አትደነቁ፤ ጫማማ ቁርሱ ነው!

ከመንደሩ ማዶ ስኳር ፋብሪካ አለ። የተጨመቀውን አገዳ እያነደደ አመዱን ይደፋል። ክምሩ ከመቆለሉ የተነሳ ጨረቃ እንኳ ዞራው ነው የምታልፈው። ሸበሉ የሚባል የፋብሪካው የምድጃ ሠራተኛ አንድ ቀን መንደርተኛው በተሰበሰበበት ሁለት የደረቁ የጭቃ ድብልብሎች ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨመረ። ባዶው ዋልካ ሟሙቶ አጥሚት ሆነ። አመድና ትንሽ ኖራ የገባበት ግን ድንጋይ መስሎ ቁጭ አለ።

"መንገዳችንን በዚህ እንሥራው" አላቸው።

ደቦ ተጠራ። እያንዳንዱ ቤት በየደጃፉ አርባ አርባ እርምጃ ደረሰው። የጓንጉል ቤት የመንገዱ መጨረሻ ነው። አመዱ ደጁ ሲራገፍ አፍንጫውን ያዘ።

"የፋብሪካ ጥራጊ በእኔ ደጅ? ጋኔን ልጎልት?"

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሁሉ እያደረገው!" አለች ሚስቱ እቴነሽ። ሆዷ ገፍቷል።

"የሰው ደጅና የእኔ ደጅ አንድ ነው እንዴ?"

አመዱን ከአጥር ጀርባ ደፍቶ ድርሻውን በተነፋ ንጹሕ ዋልካ ሞላው። እውነት ለመናገር፣ የእሱን ያህል ያማረ አልነበረም። ዝንብ እንኳ ካረፈችበት ተንሸራትታ ትወድቃለች።

ሐምሌ ገባ። እቴነሽ ምጥ ይዟት ሁለት ቀን ሞላትና አምቡላንስ ተጠራ። መኪናው በጎረቤቶች ድርሻ ላይ እየበረረ መጥቶ የጓንጉል ድርሻ ጫፍ ላይ ቀጥ አለ።

"አባቴ፣ እዚህ ከገባሁ አልወጣም! ተሸክማችሁ አምጧት!" ብሎ ጮኸ ሾፌሩ።

ጎረቤቶች በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ። አንዱ እግሩን ሲነቅል ሌላው ይሰምጣል። ሸበሉ እስከ ታፋው ገብቶ፣ ቃሬዛውን በትከሻው ደግፎ፣ ወደ ጓንጉል ዞረ።

"ጋሼ ጓንጉል፣ የእርስዎ አመድ የት ገባ?"

"ከአጥር ጀርባ።"

"ለምን?"

"እንዲያምር ብዬ።"

እቴነሽ ሃያኛው እርምጃ ላይ ትንፋሿ ቆመ። ልጁም አብሯት ቀረ። እዚህ ላይ የሚጋነን ነገር የለም።

በሰልስቱ ማግስት ጓንጉልን ዶማ ይዞ ዝናብ ውስጥ ቆሞ አገኙት። ዝናቡ ከአጥር ጀርባ ያለውን አመድ ጠራርጎ ወስዶታል።

"ሌላ አመድ አምጣልኝ" አለው ሸበሉን።

"ጋሼ፣ አሁን አይሆንም። ሳይደርቅ ዝናብ ከመታው አይጠነክርም። በጋን መጠበቅ ነው።"

"በጋን?" አለ ጓንጉል። ዶማውን ግን አላስቀመጠም።

የናቅነው ነገር እኛ ስለናቅነው ጉልበቱን አያጣም፤ ያማረውም ስላማረ ብቻ አይሸከመንም። የሚከፋው ደግሞ በእኛ ኩራት የሚሰምጠው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው መሆኑ ነው። እስቲ ሁላችንም ደጃችንን እንየው፤ የሠራነው ለዓይን ነው ወይስ ለእግር?