የሸማኔው የሸንጎ ክፍያ

ቀኛዝማች አጥናፍሰገድ አንድ የድንበር ክርክር ሲያዩ፣ አብረዋቸው ተቀምጠው እንዲፈርዱ ከገበያ አምስት ሰዎች አስመረጡ። አንደኛው ሽበታም ሸማኔ ነበር። የአንድ ቀን ነገር መስሎት ድሩን እንደዘረጋ ትቶት ቢወጣ፣ ይኸው ሦስት ሳምንት ሞላው። ቤተሰቡ ጦሙን ያድራል፤ እንዳይቀር ደግሞ የቀረ ይታሰራል ተብሏል።

ቢጨንቀው ተነሥቶ እጅ ነሣና፣ «ጌታዬ፣ መፍረዱን እንፈርዳለን፤ ግን ሥራ ፈትተን ለዋልንበት ትንሽ ነገር ቢቆረጥልን» አለ።

ቀኛዝማች ተቆጡ። «አንተ ሸማኔ! ከእኔ ጋር ለፍርድ መቀመጥ ክብር መሆኑ ጠፋህ? ከክብር የበለጠ ምን ክፍያ ትፈልጋለህ?»

ሸማኔው ግን ፈገግ ብሎ፣ «ክፍያው ክብር ከሆነማ ደግ ነው፣ ጌታዬ» አለ። «ግን እሱም ቢሆን ገና አልደረሰኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ‹አንተ› እያሉኝ ነው።»

ቀኛዝማች ሸማኔን «እርስዎ» ከማለት ገንዘቡ ቀለላቸውና ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው፣ «ክፈላቸው!» አሉ።

ለአምስቱም ማለታቸው ነበር። ሸማኔው ግን ቃሉን ለራሱ ወሰደውና ጎንበስ ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ፤ አሁን ሁለቱም ደረሰኝ» አለ።