ከጠርጥር አፍ የወጣው ሲባጎ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሚስቱ ያረፈችበት። ቤቱ ውስጥ ከእሱ ሌላ የሚተነፍስ አንድ ውሻ ብቻ ቀርቶለት ነበር። የውሻው ስም ጠርጥር ነው። ስሙ ጠርጥር ይሁን እንጂ በሕይወቱ ምንም ጠርጥሮ አያውቅም፤ የጣሉለትን ሁሉ ይውጣል።

ሰውየው የቅርጫ ሥጋ ደረሰውና ቋንጣ ሊያደርገው አሰበ። ሟች ሚስቱ ሥጋውን ገመድ ላይ ጣል ጣል አድርጋ ነበር የምታደርቀው። እሱ ግን እንዳይወድቅበት ሰጋና በፍራሽ መርፌ እየወጋ እንደ ጨሌ በሲባጎ ሰካው። ጥንቁቅ ሰው ነው። ጠዋት ሲነሳ ቋንጣውም የለም፣ ሲባጎውም የለም፤ ከጠርጥር አፍ ጥግ ግን ጣት የምታህል ጫፍ ተንጠልጥላለች።

ጎረቤት ተሰበሰበ። በእኛ አገር ምክር ሳይጠየቅ ይዋጣል። አንዷ ዘይት አጠጡት አለች፤ ሌላው በኋላ እግሩ ዘቅዝቁት አለ። ጋሽ ድንበሩ የሚባሉ ሽማግሌ ግን ምክር አልሰጡም፤ ጫፉን ጣታቸው ላይ ጠቅልለው መሳብ ጀመሩ።

ውሻው አልጮኸም። ጀርባው ብቻ ጎበጠ፤ ዓይኑ የጌታውን ፊት ፈለገ።

“ጋሽ ድንበሩ፣ ይልቀቁት” አለ ሰውየው።

“ትንሽ ነው የቀረው፤ እየመጣ ነው እኮ።”

“የሚመጣው ሲባጎው መሆኑን በምን አወቁ?”

ሽማግሌው ለቀቁ።

ሰውየው ውሻውን በባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደው። ሐኪሟ አፉን ከፍታ አየች፤ ምንም እንዳይቀምስ አዘዘች፤ በማደንዘዣ አስተኝታም ሆዱን ከፈተች። ሰውየው አልወጣም ስላለ ጥግ ይዞ እንዲቆም ተፈቀደለት።

አየም። ሲባጎው ከላይ ምላሱ ሥር ተጠምጥሟል፤ ከታች ጠልቆ ሄዷል፤ አንጀቱ በላዩ ላይ ማሰሪያ እንደገባበት የቀሚስ ወገብ ተሸብሽቧል።

“ቢሳብ ኖሮ እንደ መጋዝ ይቆርጠው ነበር” አለች ሐኪሟ።

ታዲያ ምን አደረገች? ሳበችው? አልሳበችውም። መጀመሪያ ምላሱ ሥር ያለውን ቆረጠች። ቀጥላ አንጀቱን እዚህም እዚያም በጥቂቱ እየከፈተች ሲባጎውን ቆራረጠችው፤ ቁራጩ ሁሉ ያለ ጉልበት ወጣ። ያን ጊዜ የተሸበሸበው ተፈታ። የገረጣው ቀላ። ከዚያም ማንም ሳያዘው፣ እንስሳው እንቅልፍ ላይ ሳለ፣ አንጀቱ በራሱ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ሐኪሟ መስፋት ላይ ስለነበረች አላየችውም። ውሻውም ዳነ።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ቤታችሁ ውስጥ አንድ ነገር የዋጠ ሰው የለም? ልጃችሁ ዝም ብሏል። ባላችሁ አምሽቶ ይገባል። እኅታችሁ ስሟ ሲጠራ ትቆጣለች። እናንተ የምታዩት ጫፉን ነው። ጫፉን ይዛችሁም ትስባላችሁ፤ እራት ላይ፣ እንግዳ ፊት፣ “አሁኑኑ ተናገር” እያላችሁ። ጀርባው ሲጎብጥ እየመጣ ነው ትላላችሁ። የሚመጣው ምንድን ነው? ታውቃላችሁ?

እግዚአብሔር እኛን ጎትቶን ቢሆን ማን ይተርፍ ነበር? በስንት ቦታ እንደተቋጠርን እያየ፣ አንዱን ቋጠሮ ፈትቶ ሌላውን ሲጠብቅ፣ እኛ ተኝተን ነበር። የከፈተውንም ሳይሰፋ አልተወም። ይህን ስታስቡ አትደነግጡም?

እንግዲህ ዛሬ ቤት ስትገቡ ያን ሰው አትጠይቁት። አጠገቡ ተቀመጡ፤ በልባችሁም ጸልዩለት። እጃችሁ ሥራ ካልያዘ አላርፍ ካለም፣ ትከሻው ላይ አሳርፉት።