አንዴ ብቻ የተጠየቀው እንግዳ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ተቆጥቼ ነው የመጣሁት። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ኋላ "መምህሩ ዛሬ ምን ነካቸው?" እንዳትሉ።

አንድ ወጣት ነበር። ትምህርቱን ጨረሰና፣ ሥራ ከመያዜ በፊት እስቲ ዓለምን ልያት ብሎ ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ በሞያሌ በኩል ወጣ። ስደተኛ አይደለም፣ ያሳደደው የለም። አገር ማየት አምሮት ነው። ምንተስኖት ይባላል፣ የቡታጅራ ልጅ ነው። እናቱ በጨዋ ደንብ ነው ያሳደጉት። ጣጣው ሁሉ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

አኗኗሩ እንዲህ ነበር። መሳፈሪያ ሲያልቅበት ያገኘው እርሻ ገብቶ የቀን ሥራ ይጠይቃል። አንዱ ጋ በቆሎ ይሸለቅቃል፣ ሌላው ጋ ሙዝ ይጭናል። ትንሽ ሲቋጥር ቦርሳውን አንስቶ መንገዱን ይቀጥላል።

ኬንያ ውስጥ በገባበት የመጀመሪያ እርሻ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ባለእርሻው ደግ ሽማግሌ ናቸው። ምግብ አስቀርበው "ትበላለህ?" አሉት። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እሱም "አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ" አለ። እናቱ ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ሲጠሩህ ዘለህ ማዕድ ላይ አትውጣ፣ ትንሽ ተለመን ብለውታል። ሽማግሌው "እሺ" አሉና ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው በሉ። ልጁ ሆዱ እየጮኸ ቆሞ ያያቸዋል። ቆይ፣ አሁን ይለምኑኛል ይላል በልቡ። ማን ሊለምነው! ሳህኑ ታጠበ።

ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ያስቃል። እሱም ኋላ ስቋል። በሚቀጥለው እርሻ ገና ምሳው ሳይወጣ እጁን ታጥቦ ነው የጠበቃቸው። ሽማግሌው ባዕድ ናቸው፣ የእኛን ወግ ከየት ያውቁታል? አንዴ የጠየቁት የሰው ቃል ስለሚያምኑ ነው። በእሳቸው ላይ ቅንጣት ቂም የለኝም።

የምቆጣው ቀጥሎ በመጣው ነው።

ልጁ ኡጋንዳ ሲገባ ትኩሳት ያዘው። ገንዘቡም አለቀ። በደረሰበት ከተማ ሥራ ሲያጠያይቅ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሽንኩርት የሚያለሙ ኢትዮጵያዊ አሉ፣ አቶ ላቀው ይባላሉ አሉት። ደስታውን አልቻለውም። ያገር ልጅ የማር እጅ ይባል የለ? እየተንገዳገደ ሄደ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም።

አቶ ላቀው ደህና አድርገው ተቀበሉት። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት፣ ስለ አገር ቤት ኑሮ አንስተው አማረሩ፣ ሽንኩርት ነቀላም አስገቡት። ከዚያ ምሳ ሆነ። በረንዳው ላይ ሽሮ ቀረበ። ሽሮ እኮ ነው የምላችሁ፣ በዚያ አገር! ባለቤታቸው ወይዘሮ እቴነሽ እንጀራውን ሲያቀርቡ ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። አቶ ላቀው ቀና አሉና "እንብላ" አሉት።

ልጁ ያገሩን ቃል ሲሰማ በየእርሻው የተማረው ሁሉ ጠፋበት። ተመልሶ የእናቱ ልጅ ሆነ። "ይብሉ ጋሼ፣ እኔ ቅድም በልቻለሁ" አለ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

አሁን ደህና አድርጋችሁ ስሙኝ። እዚህ ቤት ውስጥ ያ መልስ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው አለ? አለ ወይ? ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ለምኑኝ ማለት ነው። እባካችሁ አንዴ እንኳ "በሞቴ" በሉኝ ማለት ነው። ወይዘሮ እቴነሽ ገብቷቸዋል። "አፈር ስሆን" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ባልየው ገላመጧቸው። አቶ ላቀውም "በልቻለሁ ካለማ ተይው" ብለው ጎረሱ።

አያችሁልኝ? እኚያ ባዕድ ሽማግሌ ሳያውቁ ተዉት። እኚህ ግን አውቀው! ልጁን ከማዕድ ያራቁት በገዛ ጨዋነቱ ነው። ንፉግ ናቸው የሚላቸው እንኳ የለም፣ ጠይቀዋላ! አቤት ብልጠት! ባህላችንን ድንጋይ አድርገን እርስ በርስ እንወጋገርበት ጀመር?

ከሰዓት በኋላ ልጁ ፀሐይ ላይ ሽንኩርት ሲነቅል ትልሙ መሐል ወደቀ። አጠገቡ ናካቶ የምትባል ኡጋንዳዊት ነበረች፣ እሷም የቀን ሠራተኛ ናት። የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም። ደግፋ ቤቷ ወሰደችው። በልተሃል ወይ ብላ አልጠየቀችም። ሙዝ ቀቅላ፣ አድቅቃ፣ በእጇ አጎረሰችው። ከዚያ ጎረቤት ጠርታ ጤና ጣቢያ አደረሰችው። ወባ ነው። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አይተርፍም ነበር አሏት።

አቶ ላቀው ሰምተው ሊጠይቁት ሄዱ። ብርቱካን ይዘው። አልጋው አጠገብ ቆሙና፣ "ምነው ልጄ፣ እርቦኛል አትለኝም ነበር? ያገርህ ሰው አይደለሁም?" አሉት።

ልጁም "ጋሼ፣ አንዴ ብቻ እኮ ነው የጠየቁኝ" አላቸው።

ብርቱካኑን እንደያዙ ወጡ። ይህን ሁሉ ያጫወቱኝ ወይዘሮ እቴነሽ ናቸው፣ ከልጁ የሰሙትንም ጨምረው፣ እያለቀሱ።

እናንተስ? እናንተ ኡጋንዳ የሽንኩርት እርሻ የላችሁም። ዘመድ ከገጠር ሲመጣ ግን በሩን ገርበብ አድርጋችሁ፣ አንድ እጃችሁ መዝጊያውን እንደያዘ፣ "አትገባም እንዴ?" ትሉታላችሁ። "አይ፣ ቸኩያለሁ" ሲል ልባችሁ እንዴት ቅቤ እንደሚጠጣ እኔ አላውቅም? ሥራ ያጣውን ጓደኛችሁን "የቸገረህ ነገር ካለ ንገረኝ፣ እሺ?" ትሉታላችሁ። ይነግራችኋል? የሰው ልጅ ነው፣ ይሉኝታ ያለው ነው፣ ይነግራችኋል? እንደማይነግራችሁ ስለምታውቁ እኮ ነው የምትሉት!

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ከአንጀት የጠየቀ ሰው ደግሞ በአንድ "አይ" አይመለስም። ሠርግ ላይ "ካልጠጣህ ሞቼ እገኛለሁ" ብላችሁ የጠገበውን ሰው ስታስጨንቁ የምታድሩ እናንተ አይደላችሁም? ለጠገበው ልመናው ከየት ይመጣል? ለራበው ሲሆን ምላሳችሁን ማን አሰረው? ፈጣሪ ፊት ስትቆሙ "ጠይቄው ነበር" ልትሉ ነው? እሱንም ልታታልሉት ነው?

በዚህ ሳምንት ከመካከላችን ሰዎች ወደ አንዲት መበለት ቤት ሄደው ነበር። ስሟን አልጠራም፣ ታውቋታላችሁ። ዛሬ አልመጣችም። ደጃፏ ላይ ቆመው "የጎደለብሽ ነገር አለ ወይ?" አሏት። "ተመስገን፣ ሁሉ ሙሉ ነው" አለቻቸው። ተመልሰው "ደህና ናት" አሉን፣ እኛም ተመስገን አልን። እስቲ ጎረቤቶቿ፣ ከማድቤቷ ጭስ ሲወጣ ካያችሁ ስንት ቀን ሆናችሁ? እጅ አታውጡልኝ። ለራሳችሁ መልሱ።

ስለዚህ ዛሬ የመዝጊያ መዝሙር የለም። ግር ብላችሁም አትሂዱባት፣ ታፍራለች። እናንተ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁት ሁለታችሁ እህቶች፣ አሁኑኑ ተነሱ። የበሰለ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ደጃፏ ላይ አትቁሙ፣ ግቡ። ልጆቿን አስቀምጡና ቁረሱላቸው። አሁን ገና በላን ትላችኋለች።

አትመኗት።