በበቅሎ የሄደው ወንድም

አንድ ሰው ነበር፤ በበቅሎ ዕቃ እያመላለሰ የሚያድር፣ ደግ ጎረቤት፣ ኩራቱ ግን ከበቅሎው ቀድሞ የሚሄድ። ፋውስቲኖ ይባላል። አገሩ ስፔን፣ ዘመኑ መኪና ገና ብርቅ የነበረበት ጊዜ ነው።

በመንደሩ አንዲት መኪና ብቻ ነበረች። የምትነዳት ደግሞ ሴት! ባሏ የሞተባት የሐኪሙ ሚስት፣ ካሲልዳ። ኧረ ጉድ ተባለ። በዚያ መንደር ሴት ልጓምም ሆነ መሪ ይዛ አጠገቧ የተቀመጠ ወንድ «ጭነት» ይባላል። ስሙ አንዴ ከወጣለት ልጆቹም «የጭነቱ ልጆች» ተብለው ያድጋሉ። ፋውስቲኖ ራሱ በዚህ ቀልድ ከሁሉ አብልጦ ይስቅ ነበር።

አንድ ማለዳ መልእክት መጣ። ከተራራው ማዶ ያለው ወንድሙ፣ በእርሻ ድንበር ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት የተኳረፉት ወንድሙ፣ ሊሞት ነው። «ፋውስቲኖን ጥሩልኝ፤ ሳንታረቅ አልሙት» ብሏል።

ካሲልዳ ሰማችና መኪናዋን ደጁ አቆመች።

«ይግቡ፤ ከቀትር በፊት እንደርሳለን።»

ሰውየው መኪናዋን አየ። መጠጥ ቤቱ በር ላይ የቆሙትን ወንዶች አየ። ልቡ ግባ ይለዋል፤ እግሩ እምቢ አለ።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ በቅሎዬ አለችልኝ።»

«ኧረ በእግዚአብሔር! ወንድምዎ እኮ ነው!»

«አልኩሽ እኮ!»

በበቅሎ መንገዱ ቀኑን ሙሉ ነው። ሲደርስ ጀንበር አዘቅዝቃ፣ ከቤቱ ለቅሶ ይሰማል። ካሲልዳን በር ላይ ቆማ አገኛት። ለካ ብቻዋን ቀድማ ሄዳ፣ «እየመጣ ነው» ብላ ታማሚውን ስታጽናና ውላለች።

«ምን አለ?» አላት።

«ለምን አብሮሽ አልመጣም ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

አንገቷን ደፋች። «ቦታ አልነበረም አልኩት።»

አራት ሰው የምትይዝ መኪና፣ ወገኖቼ! ሦስቱ ወንበር ባዶ! ሴቲቱ የሰውየውን ኀፍረት ለመሸፈን ዋሸች፤ ሟቹም ያንን አምኖ ሄደ። ፋውስቲኖ ሬሳ ታቅፎ ይቅርታ ሲለምን አመሸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

አትፍረዱበት። እኛስ? ይሉኝታ ከስንት ደጅ አስቀርቶናል? «በትናንት ልጅ ልሸመገል?» ያላችሁ የላችሁም? «እሷ ደግሞ ማን ሆና ነው የምታስታርቀኝ?» ያላችሁስ? ያ የመለሳችሁት አስታራቂ ዛሬ ስለ እናንተ ምን እያለ ይሆን? «ሥራ በዝቶበት ነው፣ አሟት ነው» እያለ ገመናችሁን ይሸፍን ይሆናል። ያሳዝናል፤ እውነት ያሳዝናል።

ይስቁብናል ብላችሁ የምትፈሯቸው ሰዎች ቀብር ደርሰው፣ አፈር አልብሰው ወደየቤታቸው ይገባሉ። ጸጸቱን ይዛችሁ የምታድሩት እናንተ ናችሁ።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤት አትግቡ። መጀመሪያ የተጣላችሁትን ሰው ደጅ አንኳኩ፤ ለቀስተኛ ሳይሆን ራሱ ይክፈትላችሁ።