መዶሻና መርፌ

ኳ! ኳ! ኳ!

ሰውየው ገና ሳይታይ መዶሻው ይሰማል። ጎሕ ሲቀድ፣ ከአስፋልቱ ጀርባ ካለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት፦ ኳ! ኳ! ኳ! ተኝቶ የነበረ ይነሣል። ትንሽ ልተኛ ብሎ የተሸፋፈነ ያፍራል። «ሰውየው ጀመረ» ይላል ሰፈሩ፤ ሰዓት ያለውም የሌለውም ቀኑን የሚጀምረው በዚያ ነው።

ይህ ሰው ማን ነው? ሳጥን ሠሪ ነው፣ ወገኖቼ። ቆርቆሮ ቀጥቅጦ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ፣ አበባ ስሎበት ለሙሽራ የሚሆን ሳጥን የሚሠራ። ስሙ ላፌቦ ይባላል። በዚያች ትንሽ ከተማ ያለ ላፌቦ ሳጥን የተዳረች ልጅ የለችም ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም።

ግን መዶሻው ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ዝም ያለበት ዘመን ነበር። ላፌቦ ሽበት ያልጎበኘው ጎልማሳ ሳለ ጉልበቱ ከዳው። መዶሻ ሲያነሣ ክንዱ ይዝላል። ሳቅ ራቀው፣ ምግብም ሰውም አስጠላው። ሚስቱ ዘነበች «ምን ሆንክብኝ?» ስትለው «እኔ እንጃ» ነበር መልሱ። አንዱ ሰው ዓይን ነው አለ። ሌላው ስንፍና ነው አለ። ሰነፍ ማለት ደግሞ ርካሽ ነው፤ ምርመራ አይጠይቅም።

ዘነበች ግን ወሬ አድምጣ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። እጁን ይዛ ሚኒባስ ላይ አወጣችው፤ ትልቁ ከተማ ወዳለው ወደ ዶክተር ሸምሱ ክሊኒክ ወሰደችው። ዶክተሩ ደሙን አስመረመረ። ሌላ ቀን ጠርቶ ደግሞ አስመረመረ። ከዚያ ጠየቀው።

«በጉርምስናህ ጆሮ ደግፍ ይዞህ ያውቃል?»

«ይዞኛል፤ ወደ ታችም ወርዶ ክፉኛ አሠቃይቶኛል።»

«በል፣ ያኔ የዘር ፍሬህን ጎድቶ ነው የሄደው። ቴስቶስትሮን የሚባል፣ ለወንድ ልጅ ጉልበትና ወኔ የሚሆን ሆርሞን አለ። ያንተ ሰውነት በበቂ መሥራት ትቷል። እኛ በመርፌ እንተካልሃለን።»

«እስከ መቼ?»

«ዕድሜ ልክ።»

ላፌቦ ከወንበሩ ተነሣ። «ኧረ ዶክተር! ምን ሰርቄ ነው ዕድሜ ልክ የፈረዱብኝ?»

ዶክተር ሸምሱ ሳቀ። «አንተ መቼ ሰረቅህ? የተሰረቅኸውስ አንተ ነህ። እኛ በየሦስት ሳምንቱ የተሰረቀብህን እንመልስልሃለን፤ ደምህንም እያየን እንከታተልሃለን። አንተ ብቻ ቀጠሮህን አክብር።»

መድኃኒቱ በየፋርማሲው የሚገኝ አልነበረም። ዶክተሩ አስቀድሞ እያስመጣ፣ በስሙ አስቀምጦ ይጠብቀዋል። ላፌቦም በየሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ቀጠሮው ሲደርስ፣ ይሄዳል። ወራት አለፉ። አንድ ማለዳ ሰፈሩ ባልጠበቀው ሰዓት ከእንቅልፉ ተነሣ፦ ኳ! ኳ! ኳ! ዘነበች ደጃፉ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። የት ነው የተበላሸው? ገበያ ነው? ጠጅ ቤት ነው? አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው! በምስክርነት ሰዓት!

ሽማግሌው ጋሽ ኤርሲዶ ደግ ሰው ናቸው፤ ማይክራፎን ግን አንዴ ከጨበጡ ማስለቀቅ ጭንቅ ነው። የዚያን እሑድ ላፌቦን ወደ ፊት ጠሩት። ላፌቦ የሚለውን ቤቱ አሰናድቶ ነበር፦ ጌታ ዘነበችን ሰጠኝ፣ ዘነበች ወደ ዶክተር ሸምሱ ወሰደችኝ፣ ዶክተሩ መርፌ ሰጠኝ፣ ስሙ ይባረክ። አጭርና እውነተኛ ነገር።

«ጌታ መዶሻዬን መለሰልኝ…» ብሎ ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስጨርሰው! እትዬ አበራሽ ከፊት ወንበር እልልታውን አቀለጡት፤ እሳቸው እልል ካሉ ደግሞ የማይከተላቸው የለም። ጋሽ ኤርሲዶ ማይክራፎኑን ቀበል አደረጉና «ተፈውሷል! ወንድማችን ከመርፌ ነፃ ወጥቷል!» አሉ። ጭብጨባ ሆነ። ከበሮ ተመታ። ላፌቦ «ጋሼ፣ ኧረ ቆይ…» ይላል፤ ድምፁ ከአፍንጫው አያልፍም። ማይክራፎኑ እሳቸው ጋ ነዋ!

ቤቱ ሲመለስ ዘነበች ጠየቀችው።

«ሐሙስ ቀጠሮ አለህ አይደል?»

«የምን ቀጠሮ? የተፈወሰ ሰው ሲወጋ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተ! ከመቼ ወዲህ ተፈወስክ?»

«ከእሑድ ወዲህ» አለ።

አትሳቁ። ሰው ካጨበጨበለት በኋላ ከጭብጨባው ወርዶ መሄድ ቀላል ነው? ክሊኒኩ በር ላይ ቢታይ ምን ሊባል ነው? «እምነቱ ጎደለ» ሊባል አይደል? ስለዚህ ያን ሐሙስ ቀረ። ከቀጣዩም ቀጠሮ ቀረ።

መዶሻው ወዲያው ዝም አላለም። መጀመሪያ ኳ! ኳ! ይል የነበረው ኳ… ኳ… አለ። ከዚያ ረፈድ ብሎ ይጀምራል፣ ቀደም ብሎ ያቆማል። ዘነበች ስትጠይቀው «የጎረቤት ሕፃን እንዳይነሣ ብዬ ነው» አለ።

«የጎረቤቱ ሕፃን እኮ ትምህርት ቤት ገባ፣ አንተ ሰው!»

የሠርግ ወቅት ደረሰ። የአንዲት ሙሽራ አባት ሳጥኑን ሊወስድ መጣ፤ ክዳኑ አልገጥም አለ። ቢጫነው አይሆንም፣ ትንሹን ወንድ ልጁን ቢያስቀምጥበት አይሆንም። «ላፌቦ፣ ሳጥን ነው የሠራህልኝ ወይስ አዞ? አፉን አልዘጋ አለኝ እኮ!» ብሎ ቀለደበት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ላፌቦም አብሮ ሳቀ፤ ቤት ገብቶ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በማግሥቱ አልተነሣም። በሦስተኛውም ቀን አልተነሣም።

በአራተኛው ማለዳ ምን ሰማ?

ኳ! ኳ! ኳ!

ጆሮውን አላመነም። እሱ አልጋው ውስጥ ነው፤ መዶሻው ደግሞ ውጭ እየሠራ ነው! ከአጥሩ ባሻገር አንዱ «ላፌቦ፣ ጎበዝ! በረታህ አይደል!» ሲል ተሰማው። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ግድግዳ ይዞ ወጣ። ዘነበች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ መዶሻውን በሁለት እጇ ይዛ አንዱን ቁራጭ ቆርቆሮ ትወግረዋለች። ሳጥን አይደለም የምትሠራው። ምንም አይደለም የምትሠራው። መዳፏ ተልጧል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምስክርነትህን እየጠበቅሁልህ ነው» አለችው፣ መዶሻውን ሳታወርድ። «መዶሻው ዝም ካለ ሰው ጌታን ያማል። አንተ እንደሆንክ ተፈውሰሃል፤ ተኛ። እኔ እቀጠቅጣለሁ።»

ላፌቦ እጇን አየ። ከዚያ «ሚኒባሱ በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» አለ።

ሄደ፤ ግን እንዴት ሄደ! በዚያ ፀሐይ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ገብቶ ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተሸጎጠ። አጠገቡ ሌላ ሰው ጋዜጣ ፊቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ጋዜጣው ተገልብጧል። ሰውየው አሳለ። ላፌቦ ያን ሳል ያውቀዋል! በማይክራፎን ሲሰማው ኖሯል!

«ጋሽ ኤርሲዶ?»

ጋዜጣው ቀስ ብሎ ወረደ። «ላፌቦ? ምነው… ምን እግር ጣለህ?»

«ዘመድ ልጠይቅ ነው። እርስዎስ?»

«እኔም ዘመድ ልጠይቅ ነው።»

«ያገናኘን ዘመድ ነው በሉኛ።»

በዚህ መሐል ነርሷ በሩን ከፍታ በሙሉ ድምፅዋ ተጣራች። «ጋሽ ኤርሲዶ! የስኳር ክትትል! ኢንሱሊንዎን ይዘው ይግቡ!»

አያችሁ? ማይክራፎን ሳያስፈልጋት!

ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ የሽማግሌው ሆድ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ትከሻቸው፣ ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ኤርሲዶ ዝቅ ባለ ድምፅ አሉ፦

«ልጄ፣ ስንት ዓመቴ መሰለህ ሆዴን ስወጋ። ከመርፌ ነፃ ወጥቷል ያልኩት የራሴን ምኞት ነው። የእኔን ምኞት አንተ ላይ ጮኽሁት።»

ላፌቦ ወደ ዶክተር ሸምሱ ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ዶክተሩ አልተቆጣውም። ተነሥቶ መሳቢያውን ከፈተ። መድኃኒቱ በስሙ እንደ ተቀመጠ ነበር።

«እኔ እኮ ቀርቻለሁ» አለ ላፌቦ።

«አንተ ቀረህ፤ መድኃኒቱ አልቀረም። ና፣ መጀመሪያ ደምህን እንይ።»

«ሰው በእናንተ ተደግፎ ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል፣ ዶክተር?»

«እኔስ በማን ተደግፌ የምኖር ይመስልሃል? መድኃኒቱን የሠራው ሌላ፣ ያመጣው ሾፌር ሌላ። አሁን የተቀመጥኩበትን ወንበር እንኳ እኔ አልሠራሁትም። እጅጌህን ሰብስብ።»

ወገኖቼ፣ እስቲ እኔም ልጠይቃችሁ።

ትናንት በልታችኋል አይደል? ታዲያ ዛሬ ለምን ራባችሁ? እምነት ጎድሏችሁ ነው? በምድረ በዳ መናው የወረደው የዓመቱ በአንዴ ነበር? አልነበረም። የዕለት የዕለቱን ነበር። ያጠራቀመው ተላ። በየማለዳው ወጥቶ የለቀመው ግን ጠገበ። በየማለዳው መውጣት ታዲያ ውርደት ነበር? እንጃ፤ እኔስ ግብዣ ይመስለኛል።

እናንተ መነፅር ያደረጋችሁ፣ ዛሬ ጠዋት ዓይናችሁ ላይ ስታስቀምጡት ፈጣሪን ካዳችሁ? እናንተ ኪኒናችሁን ከበርበሬ ጣሳ ጀርባ የምትደብቁ፣ ከማን ነው የምትደብቁት? ጎረቤታችሁም እኮ የራሱን ከስኳር ዕቃው ጀርባ ደብቋል! ስንቶቻችን ነን ጋቢ ተከናንበን አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጥነው?

ደግሞ እናንተ የምታጨበጭቡ! ማጨብጨብ መልካም ነው። ግን ወንድማችሁን አስጨርሱት። ያልተናገረውን አትናገሩለት፤ በእናንተ ጭብጨባ ስንት ሰው ከቀጠሮው ቀርቷል! ቤቱ ደግሞ መዳፏ የተላጠ አንዲት ሰው አለች። ጌታ መዶሻችሁን አንድ ጊዜ መልሶ የሚረሳችሁ ይመስላችኋል? እሱ በየሦስት ሳምንቱ መመለስ አይሰለቸውም። የሚሰለቸው እኛን ነው።

«መጨረሻውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልንገራችሁ።

መዶሻው ተመለሰ፤ ቀስ እያለ፣ መርፌው እየተደጋገመ። የአዞውም ሳጥን ክዳን ገጠመ። ከዚያ በአንድ የሐሙስ ጸሎት፣ ጋሽ ኤርሲዶ ማይክራፎኑን ይዘው «ምስክርነት ያለው?» አሉ። ላፌቦ ተነሣ። ሽማግሌውም እጃቸውን ዘርግተው፣ ታያላችሁ፣ ማይክራፎኑን ራሳቸው ሰጡት።

«ጌታ መዶሻዬን መልሶልኛል» አለ ላፌቦ። እልልታ ሊነሣ ሲል እጁን ከፍ አደረገ። «ቆይ፣ ዛሬ ልጨርስ። በዶክተር ሸምሱ እጅ፣ በመርፌ ነው የመለሰልኝ። ዕድሜ ልኬን ነው። ዛሬም ቀጠሮ አለኝ፤ ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ።»

ማይክራፎኑን መለሰ፣ ለዘነበች በዓይኑ ፈገግ አለላት፣ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ውጭ የሚኒባሱ ረዳት የትልቁን ከተማ ስም እየጠራ ይጮኻል። ማን እልል ይበል? ሰው ሁሉ ወደ ፊት ወንበር፣ ወደ እትዬ አበራሽ ዞረ።

እትዬ አበራሽ እልል አላሉም። ነጠላቸውን አጣፉ። ቦርሳቸውን ከወንበሩ ሥር ሳብ አድርገው፣ ውስጡ ያለውን የክሊኒክ ቀጠሮ ካርድ አይተው፣ ደረታቸው ላይ ያዙ። ከዚያ ተነሡና በመሐል መተላለፊያው፣ ቀስ ብለው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ላፌቦ በወጣበት በር ወጡ።