የትርንጎ ድምፅ አደራ

በአንድ ወቅት ከጦሳ ተራራ ሥር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሴት ልጇ ምትኬ ክርስትና ሳትነሳ እናትየዋ ሞተች።

በሕይወት ሳለች ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አንድ ፕሮግራም ጽፋ ነበር። የተጻፈ አማርኛ ሲሰጡት በራሷ ድምፅ ያነባል። በየዓረፍተ ነገሩ መካከልም ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው ጥቂት ዝም ይላል፤ ለዚህ ትርንጎ ኮምፒውተሩን «ዝም ብለህ ቁጠር፣ ከዚያ ተናገር» ብላ አዝዛው ነበር። ትእዛዟን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር ግን አሮጌ ስለሆነ ፕሮግራሙ የሚሠራው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር።

ከቀብሯ በኋላ ተማሪዎቹ ሲሰበሰቡ ትርንጎ እንደ ወትሮዋ አነበበችላቸው።

ባሏ ደጀን ዲናሞ ጠምጣሚ ነው። ኮምፒውተሩ ሲግልና ሲያቃስት ማራገቢያውን እየፈታ፣ የተቃጠለ ሽቦውን እየቀየረ አቆየው። ሌላ እጅ እንዲነካው አልፈቀደም። በየቀኑ ልጁን ምትኬን አቅፎ ይመጣና የእናቷን ድምፅ ያሰማታል። «እሷ እንዳስቀመጠችው ይኑር» ይላል። እሱ ባይኖር ድምፁም ከባለቤቱ ጋር በተቀበረ ነበር።

የትርንጎ ወንድም አንዷለም ደግሞ ተማሪዎቹ ተራ ሲጠብቁ፣ ብዙዎቹም ሳይደርሳቸው ሲመለሱ ያያል።

«አንተ ሰው፣ ኮምፒውተር ነው የምትጠግነው ወይስ መቃብር ትጠብቃለህ? ይህ ማሽን ነገ ቢሞትስ?»

«ሲሞት ያን ጊዜ እናለቅሳለን። አንተ ዛሬ አትግደልብኝ።»

አንዷለም አልሰማውም። የእህቱን ጽሑፍ ገልብጦ በአዲስ ኮምፓይለር አሠራው። ድምፁ በየስልኩ ገባ፤ ገጠር ያለ ተማሪ እንኳ ማጥናት ቻለ። ምትኬ ቤቷ ሆና እናቷን ሰማች፤ ሰው ያለ መስሏት ስልኩን ገልብጣ ከጀርባው ፈለገች። ደጀን ይህን አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ይሁንና አዲሱ ኮምፓይለር ብልጥ ነው፤ ያ ባዶ ቆጠራ ምንም እንደማያስገኝ አይቶ ጣለው። ትርንጎ ያለ ትንፋሽ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ላይ እየደረበች ታነብ ጀመር።

«ፖሊስ ነው እንዴ የሚያባርራት?» አለች መምህርት ጥሩዬ።

ጥሩዬ ዓይነ ስውር ናት፤ ከትርንጎ ጋር ለዓመታት ጎን ለጎን ሠርታለች። አንዷለም አጠገብ ተቀመጠችና «እዚህ ጋ ትቆይ ነበር። እዚህ ጋ አትቆይም፤ ሳቋ ሲመጣ ትቸኩላለች» እያለች ዝምታውን በሰዓት አስለክታ መለሰችው። አሮጌው ኮምፒውተር ዝም የሚለው ሁልጊዜ እኩል ነበር። አሁን ግን አንዴ ረዘም፣ አንዴ አጠር አለ፤ አንዱ ቦታ ላይ ልትስቅ ደርሳ የተወችው መሰለ።

ደጀን ሳያስበው ከወንበሩ ተነሣ።

«ትርንጎ?»

ማንም አልሳቀበትም። ነገር ግን እነዚያን ዝምታዎች ትርንጎ አልጻፈቻቸውም።

ከዚህ በኋላ ስልኮቹም አረጁና ኮምፓይለሩ እንደገና ይታደስ የሚል ጥያቄ መጣ። ርእሰ መምህሩ ሦስቱን ጠርተው፣

«አንድ ድምፅ ሦስት አዛዥ አይችልም» አሉ። «እሷ ሳትናዘዝ ሄደች። አደራውን አንዳችሁ ይያዝ። ይታደስ ካለ ይታደሳል፤ ይቅር ካለ ይቀራል። የቀራችሁት እጃችሁን ታነሣላችሁ።»

«እኔ ባላቆየው ምኑን ትነኩት ነበር?» አለ ደጀን።

«እኔ ባላወጣው ማን ይሰማት ነበር?» አለ አንዷለም።

«እኔ ባልኖር የምትሰሙት ማንን ነበር?» አለች ጥሩዬ።

ደጀን በጭኑ ላይ የተቀመጠችውን ምትኬን አያት። አድጋ «እናቴ እንዲህ ነበረች» የምትለው በሚመረጠው ድምፅ ነው። ሁለቱን ሰዎች ደግሞ አያቸው፤ ሊጠላቸው ፈልጎ አልሆነለትም። በመጨረሻም የአሮጌውን ኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው መሀል ላይ አኖረው። በዚያ ቀን ከዚህ ሌላ ምንም አላደረገም። ከሦስቱም ቁልፉን ያነሣ የለም።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ፦ አደራው የሚገባው ላቆየው ነው፣ ላዳረሰው ነው፣ ወይስ ትንፋሿን ለመለሰችው?